ከመኪናው የወረደችው ደጋፊ

ፊልም አንሺዎቹ መካነ ሰላም የገቡት በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ቀኑን በምን አወቅህ የሚል ቢኖር፣ የዚያን ዘመን ሰው ሁሉ ይነግረዋል። ከተማዋ ያኔ አንድ ዋና መንገድ፣ ሁለት ሻይ ቤት፣ አንድ ኳስ ሜዳና ብዙ ወሬ ነበራት። ካሜራ ከተባለም ለመታወቂያ ፎቶ በሦስት እግር ቆሞ ጥቁር ጨርቅ የሚለብሰው ነው። የሚንቀሳቀስ ሰው የሚያነሳ ካሜራ መጣ ሲባል ገበያው ለአንድ አፍታ ጸጥ አለ ይላሉ። እኔ ግን ይህን አላምንም፤ የመካነ ሰላም ገበያ ጸጥ ብሎ አያውቅም።

ላንድሮቨሯ የቆመችው ሴቶች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ነው። ደብረወርቅ በመስኮት አየቻት። ደብረወርቅ የመሪጌታ ኃይለ ማርያም ልጅ፣ የማኅበሩ ታይፒስት፣ ዕድሜዋ ሃያ አራት። ሰዎቹን የጠራውን ደብዳቤ የመታችው ራሷ ናት፤ «በኳስ ሜዳ በሴት ደጋፊዎች ላይ የሚደርሰውን ጭቆና የሚያጋልጥ የቅስቀሳ ፊልም ይሠራልን ዘንድ» ይላል። መቼም በዚያ ዘመን ጭቆና ያልተባለ ነገር አልነበረም። ይሄኛው ግን እውነት ነበር።

መጀመሪያ ስማቸው የሚባለው ዳይሬክተር ወረደ። ካሜራውንም የሚያነሳው እሱ ነው፤ ጺሙን ያሳደገ፣ ውርጩ ያንዘፈዘፈው የአዲስ አበባ ሰው። ቀጥሎ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጠለ ረዥም ሰው የድምፅ መቅጃ ሣጥን አቅፎ ወረደ።

ውበቱ ነበር።

የደብረወርቅ ጣቶች ታይፑ ላይ እንዳሉ ደረቁ። ሦስት ዓመት አላየችውም። ትንሽ ከስቷል፤ አረማመዱ ግን ያው ነው፣ ኳስ ሊቀበል እንደሚሄድ ሰው ነው። ቀና ሲል ዓይኑ መስኮቱ ላይ አረፈ። ተያዩ። ቀድሞ ያቀረቀረው እሱ ነው።

«ደብርዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ» አሏት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ የዓለምዘርፍ።

«ብርዱ ነው፣ እትዬ።»

«ብርዱማ ከተወለድሽ ጀምሮ አለ።»

 ደረቷ ውስጥ የሞተ የመሰላት ነገር ሲላወስ ይሰማት ነበርና፣ እሱን እየረገመች ወረቀቷን ቀየረች።

*

የነገሩ ሥር ሬዲዮ ነው።

መሪጌታ ቤት ሬዲዮ አልነበረም። ስለዚህ ደብረወርቅ ገና ተማሪ ሳለች እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጨው ልትገዛ ትወጣለች። ያን ያህል ጨው የሚበላ ቤት በመላው ቦረና አውራጃ አልነበረም። ባለሱቁ ለኳስ ዘገባ ሬዲዮውን ከፍ ሲያደርግ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ነጠላዋን እያጣፋች እስኪያልቅ ትቆማለች። አባቷ ድጓውን የሚያውቁትን ያህል እሷ የተጫዋቾቹን ስም ታውቅ ነበር።

ከሬዲዮው ወደ ሜዳው ወረደች። የመጣባት መከራም ከዚያ ይጀምራል።

«ኳስ ልታዪ ነው ወይስ ጭን ልታዪ?» ይሏታል። ለመሪጌታ ልጅ ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። «ባል ፍለጋ ነው» ይላል ሌላው። ከጎሉ ጀርባ ስትቆም ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ ያባርሯታል፤ ሴት ከጎል ጀርባ ከቆመች ኳሱ ይገባል ይባል ነበር። የገባው በተጋጣሚው ጎል ቢሆንስ ብላ አንድ ቀን ብትጠይቅ፣ አስፋው የሚባለው አፈ ጮሌ ደጋፊ «ነገረኛ!» አላት እንጂ መልስ አልሰጣትም። ስትባረር ትሄዳለች፤ ዞራ በባሕር ዛፉ በኩል ትመጣለች። እንዲህ ስትሄድ ስትመለስ ዓመታት አለፉ።

የቡድኑ አምበል ውበቱ ነበር። ውበቱ ያለው፣ የሸማኔው የያለው ልጅ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እኩል ነው የሚል አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ አዋጁ ግን መሪጌታ ደጃፍ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ይቆም ነበር። የሸማኔ ልጅ የመሪጌታን ልጅ ቀና ብሎ አያይም። ቢያይም የሚያየው ከሜዳው መሀል፣ ኳስ የሚፈልግ መስሎ ነው።

መጀመሪያ የጻፈችለት እሷ ናት። ከደብተር ላይ በተቀደደች ወረቀት፦ «ቅዳሜ ባገባሃት ጎል ደስ ብሎኛል። ግን ግራ እግርህን ለምን ትፈራዋለህ? ደግሞ በሁለተኛው አጋማሽ ደክመህ ነበር። ምሳ አልበላህም እንዴ?»

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ «ምሳ በልቻለሁ። የደከመኝ ባሕር ዛፉ ጋ ፈልጌሽ ስላጣሁሽ ነው።»

ደብዳቤዎቻቸውን የሚያመላልሰው ጀብሪል ነበር፤ የኤንትሬ የጭነት መኪና ሹፌር፣ የውበቱ ወዳጅ። ማንም ቢይዛቸው የፍቅር ደብዳቤ ነው ብሎ ሊከሳቸው አይችልም። ስለ ማዕዘን ምት ነው የሚያወሩት። ግን ደብረወርቅ አንዷን «ጉልበትህ እንዴት ሆነ?» ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይፈጅባት ነበር።

በሰባ ሁለት፣ በየካቲት፣ ቡድኑ ወግዲ ለውድድር ሄደ። አርባ የሚሆኑ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች በጀብሪል ኤንትሬ ላይ ተጫኑ። ደብረወርቅም ወጣች፤ አንዲት ሴት ብቻዋን። ለአባቷ «አክስቴን ልጠይቅ» ብላ ነበር።

ሁለት ለአንድ ተሸነፉ። ሲመለሱ ደግሞ የወግዲን ዳገት ሳይጨርሱ መኪናው ቆመ። ጀብሪል ከፊት ወርዶ ሞተሩ ውስጥ ገባ። ከላይ አስፋው ተነሳ።

«ድሮስ ሴት ተጭኖ ኳስ! መጀመሪያ ተሸነፍን፣ አሁን መኪናው ቆመ። ቀጥሎ ገደል ነው የምንገባው። ትውረድ!»

«ትውረድ! ትውረድ!» አለ የተጫነው ሁሉ።

ደብረወርቅ የመኪናውን ብረት ጨብጣ ቁጭ አለች። ልትወርድ አላሰበችም። ዓይኗን ወደ አምበሉ ላከች። አርባውም ሰው ወደ እሱ ዞረ፤ አንዳንዱ እያሾፈ፣ አንዳንዱ ምን ይል ይሆን እያለ። ውበቱ የጫማውን ክር እያየ ተናገረ።

«ደብረወርቅ፣ ለዛሬ ውረጂ። ላንቺም ይሻልሻል።»

ወረደች። እጇን ይዞ ያወረዳት እንኳ አልነበረም። ያን ጊዜ ሞተሩ፣ ሰይጣን የነካው ይመስል፣ እንደ ጥይት ተነሳ። ወንዶቹ አጨበጨቡ። ጀብሪል ከኋላ የሆነውን ሳያውቅ ነዳው፣ አቧራው ሸፈናት።

ወግዲ ተመልሳ አንዲት ባልቴት ቤት አደረች፤ በማግሥቱ ከገበያተኛ ጋር በቁልቁለቱ አቋራጭ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ሄደች። ቤቷ ከመድረሷ ወሬው ቀድሟት ደርሷል። አባቷ አንድ ቃል ብቻ ጠየቋት፤ «የት አደርሽ?» ለአንድ ዲያቆን ታጭታ ነበር፤ የዲያቆኑ ዘመዶች ነገሩን አፈረሱት። ለእሱስ አላዘነችም። ያዘነችው ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ የሚባል የአባቷን ደጅ ባለመርገጡ፣ አባቷም በማኅሌት ጊዜ ከሰው ራቅ ብለው መቆም በመጀመራቸው ነው።

የውበቱ ደብዳቤ በሳምንቱ መጣ። «ያን ያደረግሁት ላንቺ ስል ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በላይ አላነበበችም፤ እሳት ውስጥ ጨመረችው። የመጡትን ሌሎች አራት ደብዳቤዎች ሳትከፍት በጀብሪል እጅ መለሰች። ከዚያ ውበቱ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሄደ ሲባል ሰማች። እሰይ፣ አለች። አንድ ሳምንት ግን እህል አልቀመሰችም።

*

ቅዳሜ ከአጅባር ቡድን ጋር ጨዋታ ነበር። የስማቸው ዕቅድ ቀላል ነው። ደብረወርቅ እንደ ወትሮዋ ከጎሉ ጀርባ ሄዳ ትቆማለች፤ ወንዶቹ እንደ ወትሯቸው ይሰድቧታል፤ ካሜራው ያነሳል።

ዕቅዱ ያላወቀው አንድ ነገር ቢኖር የቦረናን ሰው ነው። የቦረና ሰው በእንግዳ ፊት ገመናውን አያወጣም። ደጋፊው ሁሉ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ መጣ። ደብረወርቅ ገና ብቅ ስትል አስፋው ከተቀመጠበት ድንጋይ ብድግ አለ።

«ነይ እታለም፣ እዚህ ቁጭ በይ። ፀሐዩ እንዳይመታሽ።»

ጋቢውን አጥፎ አነጠፈላት። «ኖር! ኖር!» እያለ ረድፉ ሁሉ ተነሳላት። ጳጳስ ቢመጣ እንዲህ አይከበርም።

ስማቸው ራሱን ያዘ። «እነዚህ ናቸው ሴት የሚሰድቡት? እኔን እንኳ እናቴ እንዲህ አድርጋ አላሳደገችኝም!»

«ካሜራውን ሸፍነው ትንሽ ራቅ ይበሉ» አለችው ደብረወርቅ።

ስማቸው ካሜራውን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ ላንድሮቨሯ ሄደ። አፍታ ሳይቆይ አስፋው ጋቢውን ከሥሯ ሳብ አደረገ።

«በይ አሁን ይበቃሻል። ሂጂ ወደ ቤትሽ።»

ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ገመዱን ይጠቀልል የነበረው ውበቱ ሰማው። እሱና ደብረወርቅ በአንድ ጊዜ ሳቁ። ያ የጥንቱ ሳቃቸው ነበር፤ እሷ ባሕር ዛፉ ጋ ሆና፣ እሱ ሜዳው መሀል ሆኖ፣ ዳኛው ሲሳሳት የሚስቁት። ከዚያ መኳረፋቸው ትዝ አላቸውና በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ደብረወርቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ሄደች። የተናደደችው በራሷ ነው፤ ሳቁ እንዴት ጣፈጣት።

ስማቸው ተከትሎ ደረሰባት።

«እኅቴ፣ ሌሎቹን ሴቶች ጠየቅኋቸው። ሁሉም ‹እኛ ኳስ አናይም› አሉኝ። ነገ አንቺ ያየሽውን ካልተናገርሽ ባዶ እጃችንን ነው የምንመለሰው። ነጠላሽን ተከናነቢ ከፈለግሽ፣ ስምሽንም አትጥሪ።»

«ማይኩን የሚይዘው ማን ነው?»

«ውበቱ ነዋ። ምነው?»

«አይ፣ ምንም» አለች ደብረወርቅ።

*

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባቷ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጠብቃ ቀረበቻቸው።

«አባባ፣ ዛሬ ልናገር ነው። በስሜ።»

መሪጌታ ኃይለ ማርያም መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «የወግዲውን?»

«የወግዲውን።»

ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ወግዲ የሚለው ስም ተነስቶ አያውቅም ነበር።

«በያገሩ ያሳዩታል አሉ፣ አባባ። አሳፍርዎ እንደሆነ ይንገሩኝና ይቅርብኝ።»

ሽማግሌው በእጃቸው መሬቱን አመለከቱ። «ያን ዕለት እዚህ ደጅ ስትቆሚ እግርሽ ደምቶ ነበር። ውኃ አምጡላት ማለት ነበረብኝ። የት አደርሽ አልኩ። ለነፍስሽ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለስሜ ነው። እኔ ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ገና ዘንድሮ ነው የተናገርኩት።»

ደብረወርቅ እንባዋ መጣ። አባቷ ሲጸጸቱ አይታ አታውቅም።

«ሂጂ ተናገሪ። እውነት ከሆነ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ አትጣይ፤ ቀና በይ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ውረጂ ያለሽ ማን ነበር?»

«እሱን እንኳ ይተዉት፣ አባባ።»

መሪጌታ አዩአት። «ሰው የበደለውን ሰው ስም የሚደብቀው፣ ወይ ሲፈራው ነው ወይ...» ብለው ሳይጨርሱት መቋሚያቸውን አንስተው ገቡ። ደብረወርቅ ጉንጯ እንደ እሳት ሲነድ ደጅ ቀረች።

*

ከሰዓት በኋላ የመልሱ ጨዋታ ተጀመረ። ስማቸው ካሜራውን ከሜዳው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ሥር ተከለ። ሰዉ ሁሉ ኳሱ ላይ ስለሆነ ዙሪያው ጭር ብሏል። ጀብሪል ነጭ አቡጀዲ ዘርግቶ ይዞ ቆሟል፤ ብርሃኑን ወደ ፊቷ እንዲመልስ ነው። ጓድ የዓለምዘርፍ አጠገቡ ናቸው።

ውበቱ ማይኩን ይዞ ቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«ድምፅሽን ልለካው። የፈለግሽውን ተናገሪ። ምሳ... ምሳ ምን በላሽ?»

የድምፅ ሠራተኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠይቀው። ግን ሁለቱም ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ ጥያቄ የኔ ነበር» አለች ደብረወርቅ።

ውበቱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ። «ድምፅሽ ጥሩ ነው» አለ፤ የራሱ ድምፅ ግን ጥሩ አልነበረም።

ካሜራው መንኳኳት ጀመረ። ደብረወርቅ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

«ደብረወርቅ ኃይለ ማርያም እባላለሁ። የመካነ ሰላም ቡድን ደጋፊ ነኝ።»

ሁሉንም ተናገረች። ስለ ጭኑ ስድብ፣ ስለ ጎሉ ጀርባ፣ ስለ ወግዲ መኪና። አላለቀሰችም። አንዳንዱ ላይ እንዲያውም ፈገግ አለች።

«እኔ ስወርድ ሞተሩ ተነሳ። አጨበጨቡ። እስከ ዛሬ ጎል ሲገባ ሰው ሲያጨበጭብ፣ መጀመሪያ ደንግጬ ነው ኋላ ደስ የሚለኝ።»

«ውረጂ ያለሽ ማን ነው?» አለ ስማቸው ከካሜራው ጀርባ።

«አንድ ተጫዋች።»

«ስሙ?»

«ስሙ ምን ያደርጋል? አርባ ሰው ውረጂ ሲለኝ ብረቱን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። አልወርድም ብያለሁ። ሌላ ሰው ቢለኝ እስከ ዛሬም አልወርድም ነበር። የወረድኩት እሱ ስላለኝ ነው።»

 ውበቱ ማይኩን ሣሩ ላይ አኖረው፣ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ዞሮ ካሜራው ፊት ገባ።

«እኔ ነኝ» አለ።

 ከሜዳው የሰው ጩኸት ይመጣል።

«ላንቺ ስል ነው ብዬ ጻፍኩልሽ። ውሸቴን ነው። ለራሴ ስል ነው። ሰው የሚያስጠጋኝ ኳስ ስለምመታ ብቻ ነበር። አንዲት ቃል ብናገርልሽ ‹የሸማኔው ልጅ የመሪጌታን ልጅ ተመኘ› ብለው ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። ለሳቃቸው አንቺን ሰጥቼ እኔ በመኪና ሄድኩ። ፈሪ ነበርኩ፣ ደብሬ። ይኸው ነው።»

ደብሬ። በሦስት ዓመት ማንም እንዲህ አልጠራትም። እንባዋ ሳታስበው ወረደ።

«ወላሂ ግማሹን ነው የነገረሽ!» ብሎ ጮኸ ጀብሪል፣ አቡጀዲውን ጥሎ። «ዳገቱን ጨርሰን ሁለተኛው መታጠፊያ ስንደርስ የመኪናዬን ጣራ ደበደበው። አቁም አለኝ። ለሌሎቹ ‹ቦርሳዬን ረሳሁ› ብሎ ዘሎ ወርዶ ወደ ወግዲ በሩጫ ተመለሰ። በማግሥቱ ነው በእግሩ የገባው፤ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ አንድ ወር ኳስ አልነካም። አትንገራት ብሎ አስምሎኝ ነው እንጂ፣ ያ ረቢ፣ ይሄ ነገር ሦስት ዓመት ሆዴን በልቶኛል!»

ደብረወርቅ ወደ ውበቱ ዞረች። «እውነት ነው?»

«አላገኘሁሽም። የት እንዳደርሽ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያዋረድኩሽ ሰው ሁሉ ፊት ነው። የተመለስኩት ‹ቦርሳዬን ረሳሁ› ብዬ ዋሽቼ ነው። እንዲህ ያለ መመለስ ምን ተብሎ ይነገራል?»

 ደብረወርቅ የጠላችው ሰውና የወደደችው ሰው አንድ ላይ ፊቷ ቆመው ለየትኛው እንደምትመልስ ጨነቃት።

ያን ጊዜ ስማቸው ከካሜራው ጀርባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊልሙ አልቋል።»

«መቼ?» አሉ ጓድ የዓለምዘርፍ።

«ገና ‹እኔ ነኝ› ሳይል። አንዱ ጥቅል ዐሥር ደቂቃ ነው። ማይኩም ሣር ላይ ነው።» ስማቸው ውበቱን አየው። «ድገመው ብዬ አላስገድድህም። አንተው ታውቀዋለህ።»

ወዲያው ዳኛው ለዕረፍት ነፋ። ሰዉ ካሜራ ወዳለበት ጎረፈ። የድሮ ተጫዋቾች፣ ያኔ መኪናው ላይ የነበሩት፣ ከፊት አስፋው። «ምን ተገኘ? ምን ተገኘ?» ይላል። ስማቸው ፊልሙን ብርሃን እንዳይነካው እጁን ጥቁር ከረጢት ውስጥ ከትቶ አዲስ ጥቅል ሲያጎርስ፣ መቶ የሚሆን ሰው ክብ ሠራ።

ደብረወርቅ ይበቃል፣ ሰምቼሃለሁ ልትለው ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። አላለችም። ይህን በኋላ ዘመኗ ሁሉ ሳትደብቅ ታወራው ነበር፤ እንዲናገር ፈልጌ ነበር፣ ልቤ ጨክኖ ፈልጎ ነበር ትላለች።

ውበቱ ሰዉን አየ። ማይኩን ከሣሩ አንስቶ ለጀብሪል ሰጠው። «ወደ እኔ አዙረህ ያዘው» አለ። ከዚያ ካሜራው መንኳኳት ጀመረ።

«ውበቱ ያለው እባላለሁ። የሸማኔው የያለው ልጅ ነኝ። በሰባ ሁለት፣ በየካቲት፣ ከወግዲ ስንመለስ ደብረወርቅ ኃይለ ማርያምን ከመኪና ያወረድኳት እኔ ነኝ።»

«ተው እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ያለፈ ነገር!» አለ አስፋው።

«አላለፈም። ምንም አላጠፋችም። ኳስ ከማንኛችንም በላይ ታውቃለች። እኔ እወዳት ነበር፤ እንዳይሳቅብኝ ብዬ አወረድኳት።»

ሳቁ መጣ። ከኋላ አንዱ ጀመረው፣ ሌላው ተቀበለ፤ «የሸማኔው ልጅ!» የሚልም ተሰማ። ያ ውበቱ ሦስት ዓመት የሸሸው ሳቅ ይኸው ደረሰበት። ድምፁ ተሰበረ፣ ፊቱ ቀላ። ንግግሩን ግን አላቋረጠም።

«ሳቁብኝ። እሷ ያን ዕለት የሰማችው ጭብጨባ ከዚህ ይብሳል። አሁንም እወዳታለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ማንም አላጨበጨበም። አስፋው ጋቢውን ተከናንቦ ዞር አለ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ሄደ። የት እንደገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የዚያን ቀን ሰዎችም አንድ በአንድ እያለቁ ነው። ግን መካነ ሰላም ውስጥ አንድ ያኔ የነበረ ሽማግሌ ብታገኙ፣ የደብረወርቅን ፊት ይነግራችኋል። መጀመሪያ ሲናገር አለቀሰች የተባለችው ልጅ በሁለተኛው አላለቀሰችም ይላችኋል። የመጀመሪያው ከሆዱ ገንፍሎ የወጣ ነበር። ሁለተኛውን ግን እያወቀ፣ እየተሳቀበት፣ መርጦ ነው የተናገረው። እሷ እንደገና የወደደችው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ሰዉን አልፋ ፊቱ ቆመች።

«ውበቱ።»

«አቤት።»

«ሁለት ጊዜ አልከው። ሦስተኛ ቀርቶሃል።»

«የት?»

«አባቴ ፊት። ጠዋት ማን ነው ያወረደሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበር።»

ከመቶ ሰው ፊት ያልሸሸው ሰውዬ አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ሽማግሌ ልላክ እንጂ፣ ደብሬ። እንዲህ ባዶ እጄን...»

«ሽማግሌው ቀስ ብሎ ይደርሳል። መጀመሪያ አንተ ና።»

ዳኛው ነፋ። ሰዉ ወደ ሜዳው ተመለሰ። ደብረወርቅ ፊት ፊት ሄደች፣ ውበቱ ተከተላት፤ ከኋላዋ የእግሩን ኮቴ ስትሰማ ልቧ እንደ ልጅ ልብ ይዘል ነበር። ኳስ ማየት ከጀመረች ሁለተኛውን አጋማሽ ትታ ስትሄድ ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነው።